ቤት «ቢት» የሆነችበት ታፔላ

ይህ ለወጣት ዲዛይነሮች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ ነው። እዚያ በእጄ እያሳየሁ ያለፍኩትን እዚህ በቃል ለመግለጽ ሞክሬያለሁ። ቀልዶቹን፣ ሰው ያልሳቀባቸውንም ጭምር፣ አላወጣሁም።

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ ከፊት መሬቱ ላይ ብትቀመጡ ማንም አይከፋውም።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ኑዛዜ አለኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ቁርስ ቤት የሚከፍቱ ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ታፔላ ፈለጉ። የሚጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ጨጨብሳ ቤት»። ትእዛዛቸውም አጭር ነበር። «ልጄ፣ ወፍራም ይሁን። ከማዶ ይታይ።»

እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ያገኘሁትን የአማርኛ ፎንት ከፈትኩ። ጻፍኩ። ቦልድ የምታደርገዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ወፈረ። አልበቃኝም፣ ዙሪያውን ሌላ መስመር ጨመርኩበት። የባሰ ወፈረ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ታተመ፣ ተሰቀለ። መንገዱን ተሻግሬ ዞር ብዬ ሳይ ክው አልኩ። ሁለቱ ጨዎች ሁለት ጥቁር ጉልቻ ሆነዋል። «ቤት» ደግሞ «ቢት» ሆናለች። የቤ ቀለበት በውፍረቱ ብዛት ተደፍኗል። ቀለበቷ የተደፈነ ቤ ምን ትሆናለች? ቢ።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ታፔላ ነው ማለት ይቻላል። መንገዴ ግን በቺካጎ በኩል ነውና ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሰሪፍ ምን እንደሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት፦ የላቲን ፊደል ግንዱ ሲያልቅ ጫፉ ላይ የምትወጣው ትንሽ እግር ነች። የመጽሐፍና የጋዜጣ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሰሪፍ አለው። ይሄ ለንባብ የሚሠራው ወገን ነው። ሌላው ለርዕስ የሚሠራው ነው። ለፖስተር፣ ለታፔላ፣ ለአልበም ሽፋን፣ ለጁስ ጠርሙስ። ፈረንጆቹ ዲስፕሌይ ይሉታል፤ እኔ የርዕስ ፊደል እለዋለሁ። የንባብ ፊደል ሦስት ሰዓት አብሯችሁ ይቀመጣል። የርዕስ ፊደል ያለው ሁለት ሰከንድ ነው። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ አንድ።

ልዩነቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጉልሕና ረቂቅ ለይተው ይጽፉ ነበር። ረቂቁ ትንሹና ቀጭኑ ጽሕፈት ነው። ጉልሑ ትልቁና ደማቁ፣ በጎንደር ዘመን ያማረበት ነው። አንድ የጉልሕ ብራና ብታዩ ልብ በሉ፤ ግንዶቹ ወፍራም ናቸው፣ በመሐላቸው ያለው ነጭ ግን ከነሱ ጋር አብሮ ሰፍቷል። ጸሐፊው አላነቀውም። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በማተሚያው ዓለም ወፍራም ፊደል ዘግይቶ ነው የመጣው። ከጉተንበርግ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አታሚዎች አንድን ነገር ማጉላት ሲፈልጉ መጠኑን ነበር የሚያሳድጉት። የንባብ ፊደሉን ራሱን ትልቅ አድርገው ያትማሉ። በቃ። ነገሩን የለወጠው ማስታወቂያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ግድግዳዋ ሁሉ ወረቀት ሆነ። በተለይ የሎተሪ ሻጮች። እርስ በርስ ለመበላለጥ ይበልጥ ጥቁር ፊደል ይፈልጉ ነበር። በዚህ መሐል «ፋት ፌስ» የሚባሉት ተወለዱ። ስማቸው ከሮበርት ቶርን ጋር ነው የሚነሣው፤ ለንደን ውስጥ ፊደል ቀልጦ የሚወጣበት ቤት ነበረው። እነዚህ ፊደሎች ግንዳቸው በርሜል ነው፣ ሰሪፋቸው ግን ፀጉር። በጣም ያምራሉ። ችግሩ ፀጉሯ ላይ ነው። ርካሽ ወረቀት ላይ፣ በችኮላ ሲታተሙ ቀጭኗ መስመር ትጠፋለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ልለፈው። ፊደሎቹ ሲተልቁ እርሳሱ፣ ማለትም ፊደሉ ቀልጦ የሚሠራበት ብረት፣ ከበደ፣ ተወደደም። ዳርየስ ዌልስ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው በማሽን እየቀረጸ የእንጨት ፊደል ማምረት ጀመረና በ1828 ካታሎግ አወጣ። በ1845 ደግሞ ሮበርት ቤዝሊ ክላረንደንን አስመዘገበ። ክላረንደን ከንባብ ፊደል ጎን ቆሞ አንዲት ቃል ለማጉላት የተሠራ ነው። ዛሬ ቦልድ ቁልፍ ስትጫኑ የምትጠሩት ሐሳብ የሱ ነው። ምዝገባው የጠበቀው ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ሲያልቅ ሁሉም ቀዳው።

አሁን ወደ ሰውዬዬ።

ኦስዋልድ ኩፐር በ1879 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ፣ ካንሳስ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ አደገ። ሥዕላዊ ማብራሪያ የሚሠራ ሠዓሊ ለመሆን ቺካጎ ሄዶ የፍራንክ ሆልም ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ፊደል አሣሣል የሚያስተምረው ፍሬደሪክ ጋውዲ ነበር። ስሙን ያዙት፣ ተመልሶ ይመጣል። ኩፐር ሠዓሊነቱ አልሆነለትም፤ ፊደል ላይ ግን እጁ ተአምር ነበር። በ1904 ከፍሬድ በርትሽ ጋር ሆኖ በርትሽ ኤንድ ኩፐር የሚባል ድርጅት ከፈተ። ሥራቸው ማስታወቂያ ነበር። ያኔ ጥሩ ማስታወቂያ ማለት ፊደሉ ለዚያ ማስታወቂያ ተብሎ በእጅ የተሣለ ማለት ነው። ኩፐር ሲሥል ኖረ። ቅርጾቹ ሁሉ ከብሩሽ የወጡ ይመስላሉ፤ ማዕዘን አይወዱም።

እዚያው ቺካጎ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባል ፊደል አምራች ነበር። ከኩፐር የንባብ ፊደል አሠርቶ በ1919 አወጣ። ፊደሉ ደህና ነበር። ቀጥሎ በ1922 የመጣው ግን አገሩን አዳረሰው። ኩፐር ብላክ።

ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ታውቁታላችሁ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ስለሚያመጣው ስንት የቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሏል። እዚህ አዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ፣ ጁስ ቤት ታፔላ ላይ አይቼዋለሁ። ጎላ ያለ፣ ክብ ክብ ያለ፣ ልክ እርሾው የነፋው ድፎ ዳቦ የሚመስለው ነው።

አሁን ፊደሉን ቀረብ ብለን እንየው። እዚህ ላይ ብቆይ አትቀየሙኝ፣ የምወደው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ሰሪፉ። የፋት ፌስ ሰሪፍ ፀጉር ነበር ብያለሁ። ኩፐር ሰሪፉን አላቀጠነውም፣ በመቀስም አልቆረጠውም። አድበለበለው። ጫፉ በአጠቃቀም ያለቀ ሳሙና ይመስላል። የፊደሉ እግር ራሱ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ታችኛው ጠርዝ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ስለዚህ ፊደሎቹ በአንድ ገመድ ላይ የተሰለፉ ወታደሮች ሳይሆኑ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ይሄ ለውበት ብቻ አይደለም። እርሳስ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያልቀው ማዕዘኑ ነው። ሹል ማዕዘን ያለው ፊደል ሲያልቅ ያስታውቃል። የኩፐር ፊደል ግን ገና ሲወለድ ያለቀ ነው። ቀለም ትንሽ ቢፈስ፣ ወረቀቱ ሻካራ ቢሆን፣ ፊደል ለቃሚው መስመሩን ትንሽ ቢያዛንፍ ማንም ልብ አይለውም። ለደካማ ሕትመት የተሰጠ ምሕረት ነው እላለሁ።

ሁለተኛ፣ ክቡ። ትልቁን «ኦ» ብታዩት በውስጡ ያለው ነጭ ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። የትንሿ «አይ» ነጥብም ድንቡሽቡሽ ክብ አይደለችም፣ ሞላላ ነች። እነዚህ ትንንሽ ዘንበል ማለቶች ናቸው ፊደሉን የሚያንቀሳቅሱት። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጥቁር ቁጭ ብሎ የቀረ ጆንያ ይሆን ነበር።

ሦስተኛ፣ ከፍታው። ትንንሾቹ ፊደሎች ቁመታቸው ትልቅ ነው፣ ከመስመር በታች የሚወርዱት ጭራዎች ደግሞ አጫጭር ናቸው። ስለዚህ ሁለት መስመር ብታደራርቡ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ለፖስተር ይሄ ወርቅ ነው። ያቺው ወረቀት ላይ ፊደሉ ይተልቅላችኋል።

ዋናው ግን ነጩ ነው።

ቀጭን ፊደል ማወፈር የምትፈልጉ ሰዎች አስቡት። አንድ ግንድ አላችሁ። ወዴት ታወፍሩታላችሁ? ወደ ውጭ ከሆነ ፊደሉ ይሰፋል፣ ይረዝማል፣ ጎረቤቱን ይገፋል። ወደ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሆዱን፣ በውስጡ ያለውን ነጭ፣ ይበላል። በሁለቱም በኩል ኪሳራ አለ። ጥሩ ሠራተኛ ስለዚህ ውፍረቱን እኩል አያከፋፍልም። ቋሚው ግንድ ይወፍራል፣ አግዳሚው ያነሰ ይወፍራል። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይቀጥናል፤ እዚያ ጥቁር በጥቁር ላይ ስለሚከማች። አንድ እግር ያለው ፊደል ሙሉ ውፍረቱን ይወስዳል። ሁለት እግር ያለው ትንሽ ይቀንሳል። ሦስት እግር ያለው ከሁሉም ይቀንሳል። በማስመሪያ ብትለኩት እኩል አይደለም። በዓይን ግን እኩል ነው። ማስመሪያ ደግሞ ታፔላ አያነብም።

ኩፐር ብላክ ውስጥ ሆዶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን አንዱም አልተደፈነም። ጠብታ ይመስላሉ። እያንዳንዷ ጠብታ ቅርጽ አላት። እኔ ፊደሉን ለተማሪ ሳሳይ ጥቁሩን እንዳይሥሉ እከለክላቸዋለሁ። ጥቁር ወረቀት እሰጣቸውና ነጯን ጠብታ ብቻ ቆርጠው እንዲለጥፉ አደርጋለሁ። አምስት ነጭ ጠብታ በትክክል የለጠፈ ልጅ ፊደሉን ሠርቶታል።

በፊደሎች መካከል ያለው ክፍተትም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። ሆዳቸው ጠባብ የሆኑ ፊደሎች እርስ በርስ ተራርቀው ከተቀመጡ ቃሉ ይበታተናል፤ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። የውስጡ ነጭ ካነሰ የመካከሉም ነጭ ማነስ አለበት። ወፍራም ፊደል ተጠጋግቶ መቀመጥ ይወዳል፣ እንደ ሚኒባስ።

ወደ ታሪኩ። ፊደሉ ሲወጣ የቺካጎና የሌላውም አገር አስተዋዋቂዎች ተሻሙበት። ዘመዶችም ወለደ፤ ጋደል ያለው በ1926 ተጨመረ። ወግ አጥባቂዎቹ አታሚዎች ግን ጠሉት። «ጥቁሩ መዓት» አሉት። ኩፐር አልተቆጣም። ፊደሌ አርቀው ለሚያዩ አታሚዎችና ቅርባቸውን ብቻ ለሚያዩ ደንበኞቻቸው ነው እያለ ይቀልድ ነበር። እትዬን ያስታውሰኛል፤ እሳቸውም መነጽራቸውን እቤት ትተው ነበር የሚመጡት።

ተፎካካሪዎችም ዝም አላሉም። ላድሎው የሚባለው ድርጅት በ1924 ላድሎው ብላክን አወጣ። በ1925 ደግሞ ላንስተን ሞኖታይፕ የራሱን መልስ ፈለገና አንድ ሰው ዘንድ ሄደ። ማን ዘንድ? ጋውዲ ዘንድ። አዎ፣ አስተማሪው። ጋውዲ ሄቪፌስ የተባለው ፊደል የመጣው እንደዚያ ነው። መምህር የተማሪውን ሥራ ተከትሎ ሲሠራ አስቡት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የኔ ፍርድ ለተማሪው ነው። የጋውዲው ከበድ ይላል፣ ሲስቅም እያስታወሰ ነው የሚስቀው።

ኩፐር በ1940 ሞተ። ፊደሉ ያኔ ያረጀ መስሎ ነበር። ስዊሶቹ ቀጥ ያለውንና ሰሪፍ የሌለውን ሲያመጡ ደግሞ ድቡልቡሉ ፊደል የአያት ሶፋ ሆነ። ከዚያ 1960ዎቹ መጡ። በ1961 ሌትራሴት የሚባለው ድርጅት እያሹ የሚለጠፍ ፊደል ለገበያ አቀረበ። አንሶላ ትገዛላችሁ፣ ፊደሉን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጀርባ ታሹታላችሁ፣ ይለጠፋል። የእርሳስ ፊደል፣ ሳጥን፣ ፊደል ለቃሚ አያስፈልግም። ኩፐር ብላክም በነዚያ አንሶላዎች ላይ ነበር። ጎረምሳ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ፖስተር መሥራት ቻለ።

በ1966 የቢች ቦይስ የሙዚቃ ቡድን «ፔት ሳውንድስ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ሽፋኑ ላይ ከላይ አረንጓዴ መደብ አለ። በላዩ የተጻፈው በኩፐር ብላክ ነው። ከታች ልጆቹ ፍየሎች እየመገቡ ነው። ፊደሉ ከፍየሎቹ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ማየት ያለባችሁ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በካውያ የሚለጠፍ የቲሸርት ጽሑፍ ፋሽን ሆነ። እንደ ከፋይ ለስለስ ያለውን ፊደል ቲሸርት ላይ ታስለጥፋላችሁ፣ የራሳችሁን ስም። እዚያም ኩፐር ብላክ ነገሠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጭን ሰሪፍ ያለው ፊደል በካውያ ሲለጠፍ ጫፉ ይነሣል፣ በእጥበት ይላቀቃል። ድቡልቡሉ ግን የሚላቀቅ ጫፍ የለውም። ከአርባ ዓመት በፊት ለእርሳስ የታሰበው ምሕረት ለጨርቅ ሆነ።

በ1995 ኢዚጄት የሚባለው አየር መንገድ ሲቋቋም ብርቱካናማ መደብ ላይ በነጭ ስሙን በዚሁ ፊደል ጻፈ። አየር መንገድ ነው እንግዲህ። ሌሎቹ ክንፍ፣ ወፍ፣ ቀጭን የሚወነጨፍ መስመር ይሥላሉ። እሱ ዳቦ ሣለ። ርካሽ ነን፣ አንኮራም፣ ግቡ ነው የሚለው። ፊደሉ ይሄን ከጽሑፉ በፊት ይነግራችኋል። እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ድቡልቡል ፊደል አስቡት። ግን ሠርቷል።

የማይሆንበትንም ልንገራችሁ፤ ይሄኛውም ከራሴ ጉድ ነው። አንድ ቤተሰብ የአርባ ቀን መታሰቢያ ካርድ አሠራኝ። ስሙ በእንግሊዝኛም እንዲጻፍ ፈለጉ። እኔ ያኔ ኩፐር ብላክ ይዞኝ ነበር፣ የሚይዝ ነገር ነው። ጻፍኩት። የሟች ታላቅ ወንድም ካርዱን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ «ልጅ፣ ይሄ ነገር የልደት አይመስልም?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ወፍራም መሆኑ አልነበረም ጥፋቱ። ሐዘንም ወፍራም ፊደል ይችላል። የሚስቅ ፊደል ግን አይችልም። ውል ላይ፣ የመድኃኒት ወረቀት ላይ፣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ላይም አታምጡት። ከአምስት ስድስት ቃል በላይ ላለው ነገርም አይሆንም። አንድ አንቀጽ በኩፐር ብላክ ማንበብ ሠርግ ላይ ስፒከር አጠገብ ቁጭ ብሎ ወሬ እንደማውራት ነው።

አሁን ወደ ጨጨብሳው።

ያ ሁሉ የኩፐር ብልሃት ለአማርኛ ይሠራል ወይ? ይሠራል፣ ግን ሥራው ብዙ እጥፍ ነው። ኩፐር ትልቁንና ትንሹን ደምሮ 52 ፊደል ነው የሣለው፣ ከቁጥርና ከሥርዓተ ነጥብ ሌላ። እኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 አለን፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። የግዕዝ ፊደል በሮም በ1513 ታትሟል፤ የማተሚያ እንግዳ አይደለንም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1921 ነው፣ ከኩፐር ብላክ አንድ ዓመት በፊት። ግን 231 ፊደል አንዴ መቅረጽ ራሱ ዕዳ ነው። ለወፍራሙ እንደገና፣ በጣም ለወፍራሙ እንደገና ሲሆን አስቡት። ውፍረት የሚባለው ነገር ለእኛ ቅንጦት ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣችው ኒያላ እንኳ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላት።

ታዲያ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው ፎንት ላይ ቦልድ ስትጫኑ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሩ ይዋሻችኋል። ወፍራም ፊደል የለውማ። ያለውን ቀጭን ፊደል ዙሪያውን እኩል ያሳብጠዋል። ግንዱንም፣ አግዳሚውንም፣ ቀለበቷንም፣ መጋጠሚያውንም። ቅድም ያልኳችሁን ሁሉ ይረሳል። ያበጠ እግርና የወፈረ እግር ይለያያል፤ ሐኪም ጠይቁ።

የኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ እብጠት በጣም የተጋለጠ ነው። ለምን? ድምፁን የምትለውጠው ትንሿ ቅጥያ ስለሆነች። ቡን፣ ቢንና ቤን አስቧቸው። ካዕቧ ወገቧ ላይ ጭረት አላት። ሣልሷ እግሯ ላይ ጭረት አላት። ኃምሷ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። በጭረትና በቀለበት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ነጭ ነጥብ ነች። እሷ ከተደፈነች ቤት ቢት ናት፣ ሜዳ ሚዳ ነው፣ ሴት ሲት ናት። በላቲኑ የ«ኢ» ሆድ ቢደፈን አንባቢ ከአውዱ ይገምታል፤ ሌላ ፊደል አይሆንበትም። በእኛ ግን የተደፈነው ቀለበት ሌላ ትክክለኛ ፊደል ይሆናል። ስሕተቱ ስሕተት አይመስልም። ይሄ ነው አስቸጋሪው።

ከዚያ ደግሞ ባለ ሦስት እግሮቹ አሉ። ሐ፣ ጠ፣ ጨ። ከሰ ጋር አንድ ዓይነት ውፍረት ከሰጣችኋቸው አለቀላቸው። መ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ይዛለች፤ ስትወፍር ሁለቱ ነጮች የተልባ ፍሬ ያክላሉ። ብልሃቱ ያው ነው። እግር ሲበዛ እግር ይቀጥን። የውጪዎቹ ሁለት እግሮች ይወፍሩ፣ የመሐሉ ይሳሳ። ቀለበቷ ከምትገባው በላይ ትተልቅ። አዎ፣ ከልኩ በላይ። በትልቁ ስታዩት ያስቃል፤ ከማዶ ሲታይ ልክ ይሆናል። እነዚያ የጉልሕ ጸሐፊዎች ነጩን አብረው ያሰፉት ነበር ያልኳችሁ ይሄንኑ ነው።

ደግነቱ ዛሬ በእጅ የተሠራ እውነተኛ ውፍረት ያላቸው ፎንቶች አሉ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ድረስ ደረጃ በደረጃ አለው፣ በነፃ ይገኛል። ጥቁሩን ስትፈልጉ ጥቁሩን ራሱን ምረጡ፤ ቀጭኑን መርጣችሁ ቦልድ አትጫኑ። «ሰሪፍ» የሚለው ስም ለግዕዝ ትንሽ ይጠበዋል፤ የኛ ፊደል ጫፍ የብርዕ ጫፍ ነው፣ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ። ነገር ግን ኖቶ ሰሪፍ ይሄን የብርዕ ዘር ስለሚያስታውስ ከላቲን ሰሪፍ ጎን ሲቆም ያምራል። የዳቦ ፀባይ የለውም ግን። የሚስቅ፣ ድቡልቡል፣ ወፍራም የአማርኛ ፊደል ሥሉልኝ፤ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ሁለት ቋንቋ ያለበት ታፔላ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም፣ ቦሌ ያሉ ካፌዎችም ይሄ ጣጣ አለባቸው። ኩፐር ብላክ ጎን አማርኛ ስታስቀምጡ የፎንት መጠኑን ቁጥር አታስተካክሉ። 72 በ72 ማለት ምንም ማለት አይደለም። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ጥቁረቱን አስተያዩ። አንዱ ጥቁር ሌላው ግራጫ ከሆነ ግራጫው ተቀጣሪ ይመስላል። የኛ ፊደሎች ደግሞ ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለት ወፍራም መስመር ካደራረባችሁ ግድግዳ ይሆናል። ኩፐር መስመሩን ሲያጠጋጋ እናንተ አራርቁት። ይሄ አንድ ቦታ ላይ ነው ከሱ ጋር የምንለያየው።

እትዬስ? ታፔላውን በራሴ ወጪ አወረድኩት። ጨን በእጄ ሣልኳት፣ የመሐል እግሯን አሳስቼ። የቤን ቀለበት አንድ ሳንቲም አሳከልኩት። አዲሱ ሲመጣ እትዬ ወረድ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ቀጥኗል» አሉኝ፣ በጣታቸው የጨን እግር እየለኩ። «እኔ ወፍራም ነው ያልኩህ።» መንገዱን ተሻግረን እንየው አልኳቸው። ተሻገርን። መነጽራቸውን አላደረጉም ነበር። ጥቂት ቆሙና «ይሄ ወፍሯል» አሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ታፔላ ምን እንዳደረግኩት ጠየቁኝ። ለምን ሲባሉ ለጓሮው ዶሮ ቤት በር ይሆናል አሉ። እስከ ዛሬ ዶሮዎቹ የሚገቡት በ«ቢት» ነው።

በሉ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ሙከራ። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ከፍ አደርጋለሁ። አንዱ ላይ ቤ አለች፣ አንዱ ላይ ቢ። ሁለቱንም ዛሬ ጠዋት ቦልድ በመጫን ብቻ ነው ያወፈርኳቸው። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ፣ በግራ እጄ የያዝኩት የቱ ነው?